«ጎንበስ ስል ትሸሻለች»

የዛሬው ደብዳቤ ከአያት ሰፈር የመጣ ነው። ላኪዋ ስሟ እንዳይወጣ ጠይቃለች። ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን ብቻ አቀርበዋለሁ።

«ሰኔ አጋማሽ ላይ ሰፈራችን መንገድ ዳር መኪና የገጫት ሴት ውሻ አገኘሁ። ዝናቡ ይወርድባታል። ትቻት ማለፍ አቃተኝና የጎረቤት መኪና ለምኜ ቤት አመጣኋት። ሐኪም አየቻት፤ እግሯ አልተሰበረም፣ ግን ተጎድቷል አለችን። ቡኒ ብለን ስም አወጣንላት። በሁለተኛው ቀን በጣም ስለምትሸት ባለቤቴ፣ ሠራተኛችንና እኔ ሦስት ሆነን ይዘን አጠብናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሮቶው ማስቀመጫ ሥር አልወጣ አለች። የምትበላው ሁላችንም ስንተኛ ነው። ሳህኑን ላስቀምጥላት ጎንበስ ስል ትሸሻለች፣ ግድግዳው ላይ ትለጠፋለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የ9 ዓመት ልጄ ሊዳብሳት ሲጠጋ ጥርሷን አሳይታ አጉረመረመችበት። ባለቤቴ ‹ወይ ትታሰር፣ ወይ ወደመጣችበት ትመለስ› ብሏል። አማቴ ‹ውሻ እኮ ነው፣ ምን እንዲህ አስጨነቀሽ?› ይሉኛል። 5 ሳምንት ሙሉ ምርጥ ምርጡን አበላኋት። ለምንድን ነው የጠላችኝ?»

እህቴ፣ ቡኒ አልጠላችሽም። ፈርታሻለች። ጥላቻና ፍርሃት ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። የፈራ ፍጡር ከስጦታ በፊት የሚፈልገው መውጫ ነው። ሲጨንቀው የሚሄድበት፣ ሲሄድ ደግሞ ማንም የማይከተለው መሆኑን ማወቅ ይፈልጋል።

አንቺ ለቡኒ ብዙ ሰጥተሻታል። ሕይወቷን አትርፈሻል። እስካሁን ያላገኘችው አንድ ነገር ነው፤ እምቢ የማለት መብት። ከመንገድ ስትነሳ አልተጠየቀችም። ሐኪም ስትነካት አልተጠየቀችም። ሦስት ሰው ይዟት ስትታጠብ አልተጠየቀችም። አንዳንዱ ግድ ነበር፣ አውቃለሁ። ዝናብ ላይ የወደቀችን ውሻ ፈቃድ ጠይቆ አያነሱም። ግን ከእንግዲህ ያለው ሥራ በሙሉ በዚህ ላይ ይቆማል። እምቢ ስትል እንደምትሰሟት ስታውቅ ነው እሺ ማለት የምትጀምረው።

ስለ እጥበቱ ራስሽን አትውቀሺ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። ግን ያ ቀን ትልቅ ቀን ነበር። የተጎዳ እግር አላት። ሰዎቹን አታውቃቸውም። ቤቱን አታውቀውም። በዚያ ላይ ስድስት እጅ ወረደባት። ሽታ ማንንም አይገድልም፣ መቆየት ይችል ነበር። አሁንም ብትሸት ተያት። ፀጉሯን በእርጥብ ጨርቅ የምትጠርጊበት ቀን ይመጣል፣ ያኔ ቆማ ትጠብቅሻለች።

አሁን ወደ ጎንበስ ማለቱ ልምጣ። ደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የያዘኝ እሱ ነው።

የከተማችንን መንገድ እስቲ በውሻ ዓይን እዪው። ሰው ይመጣል። ድንገት ጎንበስ ይላል። ከዚያ ድንጋይ ይመጣል። አዲስ አበባ መንገድ ላይ ያደገ ውሻ ይህን ትምህርት ገና ቡችላ ሳለ ነው የሚጨርሰው። እኛም እናውቀዋለን። ማታ ውሻ ሲጮህብን ድንጋይ ባይኖርም እንኳ የምናነሳ መስለን ጎንበስ እንል የለ? እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት ይኸው ነው። ቡኒ አንቺ እጅ ላይ ያለውን ሳህን አታየውም። የምታየው የጀርባሽን መጉበጥ ነው።

እኔም ይህን የተማርኩት ከራሴ ውሻ ነው። መቻል ይባላል። ሳሪስ አካባቢ ከአንድ ግንባታ አጠገብ ነው ያገኘሁት። እኔ ቤት ከገባ ሁለተኛ ወሩ ነበር። ከእጄ ምግብ መውሰድ ጀምሯል፣ ጥሩ እየሄድን ነው ብዬ ደስ ብሎኛል። አንድ ማታ በር ላይ ቁልፌ ከእጄ ወደቀ። ሳላስበው ላነሳ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል መቻል ሦስት ሜትር ርቆ መሬት ላይ ተኝቷል። ጅራቱ እግሩ መሃል ተወሽቋል። ሥሩ ያለው ሲሚንቶ ረጥቧል። ሸንቶ ነው። ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም፣ ግን አልሸሸም፤ እግሩ የከዳው ይመስላል። ያንን ያህል ፍርሃት በእጄ ምንም ሳልይዝ አመጣሁበት። ቁልፉን እዚያው ተውኩት። ወደ ቤት ገባሁ። ጠዋት ነው ያነሳሁት።

ፈሪ ውሻ ፊት ዝቅ በሉ፣ ቁጢጥ በሉ የሚል ምክር ብዙ ቦታ ታገኚያለሽ። ሰው ከፍ ብሎ ሲቆም ያስፈራል ለማለት ነው፣ ልክም ነው። ለእኛ አገር የመንገድ ውሻ ግን ዝቅ የምትዪበት ቅጽበት ራሱ ነው መከራው። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ከሮቶው አምስት ስድስት እርምጃ ራቅ ብለሽ አንዲት በርጩማ አስቀምጪ። ቦታዋን አትቀያይሪ። ለሳህኑ ደግሞ አንድ ብሎኬት አቁሚና ከላይ አድርጊላት። ለማስቀመጥ ወገብሽን መስበር አያስፈልግሽም፣ ጉልበትሽን ሸብረክ ማድረግ ይበቃል። መጥረጊያም ቢሆን እሷ ባለችበት በኩል ስትጠርጉ ቀስ በሉ። በመጥረጊያ ያልተባረረ የመንገድ ውሻ አላውቅም።

በርጩማዋ ላይ በቀን ሁለቴ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ አሥር አሥር ደቂቃ ተቀመጪ። ጎንሽን ስጫት። ዓይን ለዓይን አትተያዩ። ለውሻ ትኩር ብሎ ማየት የጠብ ምልክት ነው። ስልክሽን እዪ፣ ሽንኩርት ላጪ፣ ቡና ጠጪ። በለሆሳስ አውሪ። ምን እንደምትዪ ለውጥ የለውም፣ ድምፅሽን ከመልካም ነገር ጋር ታያይዘው።

ከዚያ የተቀቀለ ሥጋ የጥፍር ያህል ቆራርጠሽ ያዢ። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚሳሳተውን ልንገርሽ። ውሻዋን ለማቅረብ ብለን ሥጋውን ወደ ራሳችን እያስጠጋን እንጥላለን። እሷም ትርባለች፣ ትመጣለች። የኋላ እግሮቿ ለመሸሽ ተዘጋጅተው አንገቷን ብቻ ትዘረጋለች። ሥጋውን ጎርሳ ቀና ስትል ራሷን ከአንቺ ጉልበት ሥር ታገኘዋለች። ያኔ ትደነግጣለች። የሚነክስም ውሻ የሚነክሰው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። አንቺ ግን በተቃራኒው አድርጊ። ሥጋውን ከእሷ ኋላ ጣይው፣ ከአንቺ እየራቀች እንድትበላ። እየበላች ትገላገላለች። ጨርሳ ወደ አንቺ ዞር ስትል ሌላ ጣይላት፣ አሁንም ከኋላዋ። በየዕለቱ ስትመለስ ትንሽ ትንሽ ትቀርባለች። ያቺ ቅርበት የራሷ ናት። በሥጋ ያልተጎተተች፣ አስባ የመጣችባት። በስንት ቀን እንደሆነ አልነግርሽም፣ ውሻ ከውሻ ይለያያል። አንድ ቀን ግን ሥጋው ከኋላዋ ወድቆ እሷ አንቺን እያየች ትቆማለች። ያን ቀን ከበርጩማሽ ላይ እንዳትንቀሳቀሺ አደራ።

እስከዚያ ድረስ ሰውነቷን አንብቢ። ከንፈሯን ደጋግማ ስትልስ፣ ሳይደክማት ስታዛጋ፣ ፊቷን ስታዞር፣ የዓይኗ ነጩ በጎን ሲታይ፣ ወይም ድርቅ ስትል «በቃኝ» ማለቷ ነው። ተነሺና ሂጂ፣ ቀስ ብለሽ። ጅራት መቁላትም ሁሌ ደስታ አይደለም። ጅራቷ ቀጥ ብሎ ከላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ተጠንቀቂ። ዘና ብሎ ከወገቧ ጋር አብሮ ሲወዛወዝ ነው ደስ ያላት። እርጥብ እንደሆነች ሁሉ ሰውነቷን ስታራግፍ፣ ስትንጠራራ፣ አንቺ እያለሽ በጎኗ ተጋድማ ስትተኛ ብታዪ በልብሽ እልል በዪ። በጎኑ የተጋደመ ውሻ ቶሎ ተነስቶ መሮጥ አይችልም። ያንን ድክመቷን ለአንቺ አሳየችሽ ማለት ነው።

ለመንካትም ጊዜው ሲደርስ ከጭንቅላቷ በላይ እጅ አትዘርጊ። ከታች፣ ደረቷን ወይም ከአገጯ ሥር ሦስት ሰከንድ ያህል እከኪያትና እጅሽን መልሺ። ጠጋ ካለች ቀጥይ። ባለችበት ከቀረች ወይም ራቅ ካለች መልሷን ሰጥታሻለች።

በሌሎች አገሮች ያሉ የውሻ መጠለያዎች ለአሳዳጊዎች «3 ቀን፣ 3 ሳምንት፣ 3 ወር» የሚሉት ነገር አላቸው። በ3 ቀን ድንጋጤው ይበርዳል፣ በ3 ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ትለምዳለች፣ በ3 ወር ቤቴ ማለት ትጀምራለች ለማለት ነው። ግምት ነው እንጂ ሕግ አይደለም። መንገድ ላይ ለኖረችና ለተገጨች ውሻ ከዚያም ሊረዝም ይችላል። እና 5 ሳምንት ብዙ አይምሰልሽ። ለቡኒ ደግሞ መቁጠሪያው ከእጥበቱ ማግስት የሚጀምር ይመስለኛል።

ማታ ሁላችሁም ስትተኙ ወጥታ መብላቷን እንደ ችግር ጽፈሽልኛል። እኔ ደስ ነው ያለኝ። በጨለማ ግቢውን እየዞረች፣ የእያንዳንዳችሁን ጫማ እያሸተተች፣ ቤታችሁን እያጠናች ነው። አግዣት። ሁለት ቀን የለበስሽውን ያረጀ ሹራብ ሳታጥቢ ሮቶው አጠገብ ተዪላት። ከዚያም አታውጫት። ክረምት ነውና ጎኑን በጣውላ ጋርዱላት፣ ከሥሯ ጆንያ አንጥፉላት። የመረጠችው ቤት እሱ ከሆነ እሱን ቤት አድርጉላት።

ስለ ልጅሽ ደግሞ። ማጉረምረሟ አስደንግጦሻል፣ እናት ነሽና ልክ ነሽ። ግን ያደረገችው ነገር ትልቅ ጨዋነት ነው። መንከስ ትችል ነበር። «እባክህ አትጠጋ» አለችው። በማጉረምረሙ የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ያቆማል፣ ፍርሃቱ ግን እዚያው ነው። ቀጣዩን ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ስለዚህ ማንም በዚህ እንዳይቆጣት። ይልቅ ልጁ ይማር። ስትበላና ስትተኛ አይጠጋትም። ሮቶው ሥር እጁን አይሰድም። አንቺ በሌለሽበት ብቻቸውን አይሆኑም። ይህ ለድርድር አይቀርብም።

ሥራ ግን ስጪው፣ ሥራ ያለው ልጅ ይታገሳል። አንቺ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሥጋውን ከኋላዋ የሚጥለው እሱ ይሁን። ወይም መጽሐፉን ይዞ ይምጣና ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላት። በአሜሪካ ሚዙሪ ያለ አንድ መጠለያ ልጆች በፈሪ ውሾች ክፍል ፊት ቁጭ ብለው መጽሐፍ እንዲያነቡላቸው ያደርጋል። የሚያነብ ልጅ አይሮጥም፣ አይጮህም፣ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነው። ውሻዋ ያለ ስጋት ልታየው ትችላለች። ንባቡም አይጎዳውም።

ለባለቤትሽ ደግሞ ከእኔ አክብሮት ጋር ይህን አንብቢለት። ወንድሜ፣ የፈራ ውሻ ሁለት መንገድ አለው፤ መሸሽና መንከስ። ሰንሰለቱ የመጀመሪያውን ይዘጋል። የሚቀረውን አንተው ታውቀዋለህ። ለልጅህ ስትል ነው አትታሰር የምልህ። ሥጋትህ ግን ተገቢ ነው። የግቢው በር በሚገባ መዘጋቱን የምታረጋግጠው አንተ ሁን። የፈራ ውሻ በሩ ለአንዲት ደቂቃ ሲከፈት ሾልኮ ይወጣል፣ ላይመለስም ይችላል። ወደ ሐኪም ስትወስዷት ከአንገቷ ማሰሪያ ሌላ በደረቷ ዙሪያ የሚታሰር ሁለተኛ ገመድ ይኑራት። ስትደነግጥ ወደኋላ ስባ አንገቷን ታወጣዋለችና።

አማትሽ ውሻ ቤት ውስጥ መግባቱ የሚከብዳቸው ከሆነ አትከራከሪያቸው። ውሻ ከበር ውጭ ይቆያል በሚል ወግ ነው ያደጉት፣ ሃይማኖታቸውም አለበት። ቡኒም ቤት መግባት አልጠየቀችም። ግቢ ውስጥ ደረቅ መኝታ፣ ሰዓቱን የጠበቀ ምግብና በየቀኑ የሚቀመጥላት ሰው ካላት ይበቃታል። «ውሻ በበላበት ይጮሃል» የሚሉትን ተረት እሳቸውም ሳያውቁት አይቀሩም። አንድ ነገር ብቻ ለምኛቸው። በአጠገቧ ሲያልፉ «ክድ!» አይበሏት።

ሐኪሟን እንደገና ጥሪ። ቤት ድረስ የሚመጡ አሉ። እግሯ እስካሁን የሚያማት ከሆነ የሚያጉረመርመው ሕመሟ ሊሆን ይችላል። ሕመም ያለበት ውሻ ላይ ትዕግሥት ብቻውን አይሠራም። እርጉዝ መሆን አለመሆኗንም ታይላችሁ፣ ውሻ ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው የምታረግዘው። ካልሆነች ስለ ማምከን ተነጋገሩ።

ስለ እብድ ውሻ ክትባት ደብዳቤሽ ምንም አይልም። ካልተከተበች ነገ ሳይሆን ዛሬ። ክትባቱ በየዓመቱ ይታደሳል። በዓለም ላይ ሰውን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ነው፣ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። አያድርገውና ቡኒም ሆነች ሌላ ውሻ ልጅሽን ብትነክሰው ወይም ብትቧጭረው ቁስሉን ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቢ። ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም። ጭረቱ ትንሽ ናት ብለሽ አትዪ። ጸበልም ከወሰድሽው ከክትባቱ ጋር እንጂ በክትባቱ ፈንታ አይሁን።

ምግቧን በተመለከተ ምርጥ ምርጡ ያልሽው ምን እንደሆነ አልነገርሽኝም። የዶሮ ወጥ ትርፍ ከሆነ አቁሚ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደሟን ይጎዳሉ፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀቷን ይወጋል። ቸኮላትና ዘቢብም ለውሻ መርዝ ናቸው። ከሥጋ ቤት ሳንባ ገዝተሽ ከሩዝ ጋር መቀቀል ርካሽና ጥሩ ነው። ግን በጥሬው ፈጽሞ አትስጫት። ሳንባና ጉበት ላይ አንዳንዴ የሚታየው ውሃ የቋጠረ እባጭ የትል ቤት ነው። ውሻዋ በጥሬው ከበላችው ትሉ አንጀቷ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከሰገራዋ ጋር ይወጣል፣ ወደ ልጅሽም ሊመጣ ይችላል። በደንብ ቀቅይው፣ የትል መድኃኒቷንም ሐኪሟ ትስጣት። ከእጅሽ እንድትበላ ብለሽ ግን አታስርቢያት። በረሃብ የመጣች ውሻ ስትጠግብ ትሄዳለች።

የቀረው ቡሄ ነው። ሐምሌ ሊያልቅ ነው፣ ነሐሴ 13 ሩቅ አይደለም። የጅራፍ ጩኸት አለ። ዱላ የያዙ ልጆች ተሰብስበው በር ላይ መሬት እየደበደቡ ይጨፍራሉ። እኛ ልጅነታችንን የምናይበት ነገር ለቡኒ ዱላ የያዘ የወንድ ልጆች መንጋ ነው። ከወዲሁ ጀምሪ። የሆያ ሆዬ ድምፅ ስልክሽ ላይ በጣም ዝቅ አድርገሽ ክፈቺና በርጩማሽ ላይ ሆነሽ ሥጋ ጣይላት። ጆሮዋን ቀና አድርጋ መብላቷን ከቀጠለች ድምፁ ልክ ነው። መብላት ካቆመች በዝቷል፣ ቀንሺው። በየጥቂት ቀኑ ቅንጣት ታህል ጨምሪ። በዕለቱ ጨፋሪዎቹን በር ላይ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ተቀበያቸው፣ ሙልሙሉንም ገንዘቡንም እዚያው ስጫቸው። ልጅሽም ከጓደኞቹ ጋር ከወጣ ዱላውን ከግቢ ውጭ አስቀምጦ ይግባ። ከዚያ ወዲያ እንቁጣጣሽ አለ፣ መስከረም 16 ደመራ አለ፣ ርችቱ አለ። ለእነሱም በዚሁ መንገድ ትዘጋጃላችሁ።

ከቡሄ በኋላ ሁለት ቀን ከሮቶው ሥር ባትወጣ አትደንግጪ፣ እሷንም አትጥሪያት። ሥጋሽን ቆራርጠሽ ይዘሽ በሰዓትሽ ውጪ። በርጩማዋን ብቻ ካለችበት አታንሺ።